የሦስቱ ቋጠሮዎች ነገር፦ ከጋፋት ምድጃ እስከ ሞተር ብስክሌት ካርቡራተር



እንደሚታወቀው ይህ መጽሔታችን በየዓመቱ ሒሳባችንን ያቀርባል፤ የገባው መዋጮ፣ የወጣው ወጪ፣ የተገዛው ድንኳንና ወንበር፣ በዓመቱ ውስጥ የተለዩን አባሎችም ስም ይገለጽበታል። ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ላይ የማይሰፍር አንድ ኪሳራ አለ። አንድ አባላችን ሲያርፍ ድንኳን እንተክላለን፤ እስከ መቃብሩ እንሸኛለን፤ ቤተሰቡን እናጽናናለን። ሟቹ በዐርባና በአምሳ ዓመት ያካበተው ሙያ አብሮት ሲቀበር ግን ማንም ቆጥሮ አይመዘግበውም። መቸም "ሙያ በልብ ነው" እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አባባሉ ጉራን ለመከልከል መልካም ነው፤ ሙያን በልብ ብቻ ማኖር ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በታች ባለው ታሪክ እናያለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው ዓመት የተለዩን አንድ መካኒክ አባላችን ናቸው። ስማቸውን ባንጠቅስም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። በግቢያቸው ጥግ ላስቲክ ለብሳ የምትቆም አንዲት አሮጌ ያማሃ ሞተር ብስክሌት ነበረቻቸው። በደርግ ዘመን የመንግሥት ሥራ ስትሠራ ቆይታ በጨረታ ስትሸጥ የገዟት ናት። ከዐርባቸው በኋላ ልጆቻቸው ሞተሯን አስነሥተው ሊጠቀሙባት ፈለጉ። ካርቡራተሯ አርጅቶ ስለ ነበር ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጥተው አሠሩላት። ሞተሯ ተነሣች፤ ይሁን እንጂ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ዳገት ላይ እየታነቀች፣ ካንዴላዋም በየቀኑ በጥላሸት እየተደፈነ አስቸገረች። "ዕቃው የውሸት ነው" ያለ አለ፤ "ፒስቶኑ አልቋል" ያለም አልጠፋ። ካርቡራተሩ ግን ጤነኛ ነበር፤ ሞተሯም ጤነኛ ነበረች። ታዲያ የታመመው ምን ነበር? ይህን ለመመለስ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ብረትና ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር የብረት ሥራ አገር ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞችን አስፍረው ምድጃ አስተከሉ። ከሙያተኞቹ ብዙዎቹ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ብዙ ተሞክሮ፣ ብዙም ከከሸፈ በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በዚሁ በጋፋት ተሠራ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው።

ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ጉልበት እየተጎተተ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ለመንኰራኵሩ መንገድ እየተጠረገ፣ ገደሉ እየተናደ ነበር የተሄደው፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ተጽፏል። እንግዲህ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ መንኰራኵር የሚሄድበት መንገድ የተጠረገው ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ሙያተኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የጋፋትም ምድጃ ቀዘቀዘ። በጋፋት የሠሩና የተማሩ ያገራችን ልጆች ነበሩ፤ ሆኖም ሥራውን ተቀብሎ የሚያስቀጥል ማኅበርም መጽሐፍም አልተተወላቸውም። ከዚህም በላይ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው "ቀጥቃጭ" እየተባለ ሲናቅ፣ ከዚያም ብሶ "ቡዳ ነው" እየተባለ ሲፈራ የኖረበት አገር ነው። በተናቀ ሙያ ላይ ማን ልጁን ያስተምራል?

በዚህ ነገር 1900 ዓ.ም. ሊታወስ የሚገባው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣት መኪና አዲስ አበባ ገባችና ንጉሠ ነገሥቱ ተቀመጡባት። አዋጁና ሞተሩ በአንድ ዓመት መምጣታቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያምር አጋጣሚ ነው።

ሞተር ወደ እኛ አገር እንዴት መጣ?

በእኛ በኩል የሞተር ድምፅ ለብዙው ገበሬ መጀመሪያ የተሰማው በምድር ሳይሆን በሰማይ ሳይሆን አይቀርም። መጋቢት 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ፣ በላያቸው የማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላን ይበር ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ጣሊያን መጣ። በመኪና የሚጓዘው የስታራቼ ጦር መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፤ በተከታዩ ወር ደብረ ታቦር ገባ። የዚያ ዘመን የጣሊያን ሠራዊት ከሚገለገልባቸው ሞተር ብስክሌቶች አንዱ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 የሚባለው ነበር፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ሲሊንደሩም ወደ ፊት የተጋደመ፣ ባለ 500 ሲሲ ሞተር ነው። ብዙዎቹ የጣሊያን ሞተሮች የሚያስሩት ካርቡራተር እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የዴልኦርቶ ድርጅት ሥራ ነበር።

አርበኞቻችን ለዚያ ሞተር ምን ዓይነት ስሜት እንደ ነበራቸው መገመት አያስቸግርም። በደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ግን በጋራዣችን ቀሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የምንለው ሁሉ የጣሊያን ቃል አይደል? ሙያው ያለ መጽሐፍ፣ በዐይን አይቶ በእጅ ሠርቶ ስለ ተያዘ፣ ስሙም እንደ ተሰማ ቀረ።

ሞተር ብስክሌት በደቡብ ጎንደር ደጋ በብዛት የታየው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቻይናን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለው መንገድ በቻይና ርዳታ እንዲሠራ ሆነ፤ ሥራውም በደርግ ዘመን ተካሂዶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ግድም ተጠናቀቀ። ይህ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በደብረ ታቦር በኩል አልፎ፣ የጉናን ጎን ይዞ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ይወጣል። የሴባስቶፖልን ፈለግ በብዙ ቦታ ይከተላል ማለት ይቻላል። መንገዱ ሲደርስ የግብርናና የጤና ሠራተኞች በሞተር መመላለስ ጀመሩ። ያን ጊዜ የመጡት በተለይ የጃፓን ሥራዎቹ ያማሃና ሆንዳ ናቸው፤ ያማሃዎቹ ባመዛኙ ሚኩኒ፣ ሆንዳዎቹ ኬሂን የሚባለውን ካርቡራተር ያስራሉ። የጋሼም ያማሃ የዚያ ዘመን ልጅ ናት።

የካርቡራተርና የአየር ጉዳይ

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባኽ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። በዚያው ዓመት ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ መሐንዲሶች ለተመሳሳይ ሐሳብ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ሐሳቡ ትኋን የምንፈጅበትን የፍሊት ፓምፕ ይመስላል። ፓምፑን ስንገፋው አየሩ በፍጥነት ያልፋል፤ ሲያልፍ መድኃኒቱን ከጣሳው ስቦ በትኖ ይረጨዋል። በካርቡራተርም ውስጥ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን ይስበዋል። ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ አለች፤ ጄት ትባላለች፤ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል።

እንግዲህ ፋብሪካው ጄቷን ሲመርጥ ለባሕር ዳርቻ አገር ወይም ለዝቅተኛ ቦታ አስቦ ነው። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ያውቁታል፤ ባቄላና ክክ እዚህ ቶሎ የማይበስለው አየሩ ስለ ሳሳ ውሃው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ሞተርም እንደዚሁ ነው። በጉሮሮው የሚያልፈው አየር መጠኑ ያው ቢመስልም ክብደቱ ቀንሷል፤ ቤንዚኑም አብሮ ይቀንሳል፣ ነገር ግን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ትክክል የነበረው ድብልቅ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሰባት አንድ እጅ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ሞተሩ ይታነቃል። የልጆቹ አዲስ ካርቡራተር ሕመም ይኸው ነበር። ዕቃው የውሸት አልነበረም፤ የሌላ አገር አየር እንዲተነፍስ ሆኖ የተሠራ ነበር።

አውሮፕላን ሠሪዎች ይህን ቀድመው ስላወቁ አብራሪው ከፍ ሲል ቤንዚኑን በእጁ የሚቀንስበት መዘውር አበጁ። ሞተር ብስክሌት ግን ይህ የለውም። ጄቷን መካኒኩ መቀየር አለበት።

የቋጠሮዎቹ ምሥጢር

ልጆቹ በጋሼ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አንዲት የሻይ ቆርቆሮ አገኙ። በውስጧ በክር የተሰኩ ጄቶች ነበሩ፤ አንዷ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ አንዷ ላይ ሁለት፣ አንዷ ላይ ሦስት ቋጠሮ ታስሯል። ጽሑፍ የለም። በላያቸው የተቀረጸው ቁጥር ከመፋቁ የተነሣ አይነበብም። ከልጆቹ አንዱ ከቤንዚን መብዛት ለመገላገል ብሎ ቀዳዳዋ ከሁሉ የጠበበችውን፣ ባለ ሦስት ቋጠሮዋን አሰረ። ደብረ ታቦር ላይ ጭሱ ጠፋ፤ ልጁም ደስ ብሎት ወደ ወረታ ወረደ። ወረታ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀትም አለ። በፎገራ ሜዳ ላይ ነዳጅ እየሰጠ ሲነዳ ሞተሯ ከመጠን በላይ ሞቃ ኃይሏን አጣች፤ ቆመች። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህ ጊዜ ቤንዚኑ ያነሰበት ነበርና። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላ ይበላሻል፤ ቤንዚን ሲያንስ ግን ሞተሩ ራሱ ይቃጠላል።

በነጋታው ጉዳዩ በቡና ላይ ተነሣ። እኛም ነበርን። ሦስት መካኒክ ሲከራከር ባለቤታቸው ጀበናውን እያወረዱ "ምነው እኔን ብትጠይቁኝ?" አሉ። "እሳቸው ጉናን ዞረው ጋይንት ሲሄዱ ባለ ሦስቷን ነበር የሚያነሡት። ወረታና ባሕር ዳር ሲወርዱ ባለ አንዷን። እዚሁ ከተማ ሲውሉ ባለ ሁለቷን። ስንት ዓመት ሙሉ ክሩን የማስርላቸው እኔ አይደለሁም እንዴ? እሳቸው ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል እኮ።"

ሁላችንም ዝም አልን። ጋሼ ቁጥሩን ማየት ሲያቅታቸው በጣት የሚዳሰስ ምልክት አበጁ፤ ምልክቱንም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዳቸውን ቀበርን። ሌላዋን ማንም አልጠየቀም፤ ሴት የሞተር ነገር ታውቃለች ብሎ ያሰበ አልነበረምና። ባለ ሁለት ቋጠሮዋ ታሰረች፤ ያማሃዋም ያለ ጭስ ተነሣች። ከዚያ በኋላ የቀረው ማስተካከሉ ነበር።

እንዴት ይስተካከላል?

ባለቤታቸው የነገሩንና መካኒክ አባሎቻችን በተግባር ያረጋገጡትን እነሆ እናሰፍራለን።

1ኛ፣ ካርቡራተሩ ከመነካቱ በፊት የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ የአገራችን አቧራ ማጣሪያ ሲደፍን ልክ ቤንዚን እንደ በዛ ያስመስላል። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አለመኖሩም ይታይ። ጄት ሲደፈን በቤንዚንና በፖምፓ አየር እንጂ በሽቦ አይጎርጎር፤ ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ ከዚያ ወዲያ ልኳ አይታመንም።

2ኛ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑን በልኩ መዝጋቱ ይታይ። እሱ ካልዘጋ የቀረው ማስተካከል ሁሉ ከንቱ ነው።

3ኛ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቾኩ ተመልሶ ሚኒሞው ይስተካከል፤ ይኸውም ነዳጅ ሳይሰጠው ዝም ብሎ ሲሠራ ያለው ነው። በእንዲህ ያሉት ያማሃዎች ላይ የአየሯ ብሎን ሳትጠብቅ እስከ መጨረሻ ተዘግታ አንድ ዙር ተኩል ያህል ትከፈት። ከዚያ ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ አዙሮ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖና ሳይንገጫገጭ የሚሠራበትን ቦታ ማግኘት ነው። ከዚያ በሌላዋ ብሎን ፍጥነቱን ማውረድ።

4ኛ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ቢንተፋተፍ መርፌዋ ትታይ። በመርፌዋ ራስ ያለችው መያዣ አንድ ደረጃ ከፍ ስትል መርፌዋ ዝቅ ትላለች፤ ቤንዚኑም ይቀንሳል።

5ኛ፣ በመጨረሻ ዋናዋ ጄት ትፈተን። ዳገት ላይ ነዳጅ ሙሉ ሰጥቶ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ሞተሩን ባሉበት አጥፍቶ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ አደጋ ነው። የቡና በወተት መልክ ካለው ልክ ነው።

6ኛ፣ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሳይወርድ ሰፊዋን ጄት ይመልስ። ይህ የሚረሳው ነው፤ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንናገር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ የባሕር ዳርቻ ጉልበቱን አያገኝም። አየሩ በሩብ ከሳሳ ጉልበቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ባለ 8 ፈረስ ጉልበት የሆነው ባለ 6 ያህል ይሆናል። ማስተካከል የሚሰጠን ያለውን ጉልበት ሳናባክን መጠቀምን ነው።

ለማጠቃለል

አንዳንድ ወጣት አባሎቻችን "ካርቡራተር እኮ ጊዜው አልፎበታል" ይሉናል። እውነት አላቸው። አዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ እየለኩ ይረጫሉ፤ የአየሩንም መሳሳት ራሳቸው ያውቃሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። እኛም ካርቡራተር ለዘላለም ይኑር አላልንም። ነገር ግን ጋፋት የቀዘቀዘችው ጊዜው አልፎባት አልነበረም፤ የሚያውቁት ሲሄዱ የሚቀበል ስላልነበረ ነው። የጋሼ ቆርቆሮም ለጥቂት ከዚያው ዕጣ አመለጠች።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እድራችን የአባላት መዝገብ አለው፤ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመዋጮ ቀን ይጻፍበታል። አንድ ዐምድ ይጨመርበት፦ ሙያ። ከዚያም በየዓመቱ ከአረጋውያን አባሎቻችን ሁለት ሦስት ሰዎች፣ ሸማኔውም፣ ብረት ሠሪውም፣ መካኒኩም፣ ጠላ ጠማቂዋም፣ በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው የሚያውቁት በዚህ መጽሔት ይጻፍ። ስንጠይቅ ደግሞ ባልን ብቻ አንጠይቅ፤ ክሩን የሚያስሩትንም እንጠይቅ።

የጋሼ ቆርቆሮ አሁን በልጆቻቸው እጅ ናት። ክሮቹ አልተፈቱም። ከእያንዳንዷ ጄት ጋር ግን አንዲት ወረቀት ታስራለች፤ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት ትላለች። እናት ተናግረው ልጅ የጻፈው ነው።

ለተለዩን አባሎቻችን ሁሉ ዕረፍትን፣ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን እንመኛለን።